የሙስዓብ ክፍያ

ጥር 15፣ 2015 ሰኞ

ሱቅ ከፈትኩ። ሦስት ሻርፕ፣ አንድ ጅልባብ ሸጥኩ። ከጦርነቱ ወዲህ ሰው ዋጋ ይጠይቃል እንጂ አይገዛም። ወገቤ ዛሬም… ሪያድ ላይ ስድስት ዓመት የጎበጠ ወገብ አገሩ ስለገባ ብቻ ይቃናል?

አብዬ ከእርሻ ሲመለስ በደጄ አለፈ። የኮንጎ ጫማው ጎን ተበጥሶ በሽቦ አስሮታል። "ልግዛልህ?" አልኩት። "ምን ሆነና? ገና ነው" ብሎኝ ሄደ። ለራሱ ሲሆን ሁሌም ገና ነው። ሱቄ ከተከፈተ ዓመት ሊሆነው ነው፣ አባቴ ግን አንድ ቀን እግሩን አስገብቶ አያውቅም። የቅሬ ዳኛ ነው። መንደሩ ቀብሩንም ጠቡንም ይዞ የሚመጣው ወደሱ ነው። የሴቶች ሻርፕ መሃል መቀመጡ ይከብደው ይሆናል።

ሀውራ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ዋለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ዛሬ ይወጣል፣ ነገ ይወጣል እያሉ… እህቴ ናት፣ ግን እማ ከሞተች ወዲህ ልጄም ናት። ብትወድቅስ? እንደኔ አረብ አገር ልትሄድ የፓስፖርት ፎቶ ተነስታ አስቀምጣለች።

ጥር 20፣ ቅዳሜ

አለፈች! ከሰባት መቶ አራት መቶ ሠላሳ አንድ። ከትምህርት ቤታቸው ያለፉት ሰባት ናቸው፣ እሷ አንደኛ።

አምና ክፍላቸው የታጣቂዎች ማደሪያ ነበር። ዴስኩን ማግደው ሞቀውበታል። ልጅቷ ወራት ሙሉ ቤት ተቀምጣ፣ በተቀደደ መጽሐፍ አጥንታ… እንዴት ደስ እንዳለኝ! እልል ብዬ ጎረቤት ሰበሰብኩ። አብዬ ዱዓ አደረገላት። "አላህ ያክብርሽ፣ ከክፉ ይጠብቅሽ።" አሚን አልን።

ከዚያ ሰው ሲሄድ ቀስ ብሎ፣ "ለሙስዓብ ያየነውን ታውቂያለሽ። አሁን ኸየት ይመጣል?" አለኝ።

እንዴት አላውቅም? ወንድማችን ሦስት ዓመት ሲማር በዓመት ሁለቴ ስልኬ ይጮህ ነበር። "ዙሌይካ፣ የሙስዓብ ክፍያ ደርሷል።" ስድስት ጊዜ ልኬያለሁ። አራተኛውን ታምሜ ተኝቼ፣ ከሰው ተበድሬ።

ሀውራ ሰማችን። "እታለም፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እኮ ቀድሞ አያስከፍልም ይላሉ…"

"ዝም በይ! እኔ ነኝ የከፈልኩት። ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?"

አብዬ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ጥር 27፣ ቅዳሜ

ደላላው መጣ። ኩዌት… ጥሩ ቤት… ሁለት ልጆች ብቻ ያሉት ቤት… ሁሉም ቤት ሁለት ልጆች ብቻ ነው ያለው፣ እስክትደርሺ።

ሀውራን "ሁለት ዓመት ሠርተሽ ትመለሽና ትማሪያለሽ" አልኳት። እኔም እንዲሁ ነበር የተባልኩት። አፌ ላይ ቃሉን ሳገኘው ደነገጥኩ። ግን ምን ላድርግ? ሱቁ የዘይትና የስኳር ካመጣ ትልቅ ነገር ነው። ደክሞኛል። ወላሂ ደክሞኛል። ደላላውን እሺ አልኩት።

የካቲት 6፣ ሰኞ

መምህር አምሳሉ በሀውራ ልከው አስጠሩኝ። እኔንም አስተምረውኛል፣ እስከ አሥረኛ። "የሒሳብ ደብተርሽን ሳትወስጂ ነው የጠፋሽው" አሉኝ። አሥራ አምስት ዓመት ያለፈውን ያስታውሳሉ! ቤት ውስጥ እማን ሳስታምም፣ ኋላም ሪያድ… የሒሳብ ደብተር ማን አሰበ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪያድ ያሉ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ማኅበር በውጤት ለበለጡ ሦስት ተማሪዎች በየወሩ የኪስ ገንዘብ ሊሰጥ ነው። ስኮላርሺፕ። ሀውራ ከላይ ናት።

"ድሃ ነን ብለን ነው የምንፈርመው?" አልኳቸው።

"ድሃ ማን አለሽ? የሚሰጣት ስላጣች አይደለም፣ ስላመጣች ነው። የሀብታም ልጅ ብትሆንም ይሰጧት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ አማካይ ውጤቷ ከሦስት ነጥብ ከወረደ ደግሞ ይቆማል። ይኼንንም አብረሽ እወቂ።"

ማኅበሩን አውቀዋለሁ እኮ። በወር አሥር አሥር ሪያል ይሰበስቡን ነበር። የሬሳ መላኪያ መስሎኝ ነው ሳዋጣ የኖርኩት። ሰው ለሬሳው እየቆጠበ ይኖራል?

"አላህ ይስጣቸው። ግን የኪስ ገንዘብ ምን ያደርግላታል፣ ዋናውን ክፍያ ሳናገኝ?" አልኩ።

"የምን ክፍያ?"

"የትምህርቱ ነዋ። የዶርሙ፣ የምግቡ…"

ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አይተው ሳቃቸውን ተዉት። "ዙሌይካ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ገንዘብ አይቀበልም። ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። እናንተ የምታወጡት የመኪና፣ የብርድ ልብስ፣ የሳሙና፣ የፎቶ ኮፒ ነው። እሱም ቀላል አይደለም፣ ግን የኪሱ ገንዘብ ይሸፍነዋል።"

"ሙስዓብም እንዲህ ነበር?"

"ሁሉም እንዲህ ነው።"

ቅጹን ሰጡኝ። አባት ይፈርምበት፣ ረመዷን ሳይገባ መልሱልኝ አሉ። በየት በኩል ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ስድስት ጊዜ የላክሁት… ለማን?

የካቲት 7፣ ማክሰኞ

ሙስዓብ ጋ ደወልኩ። ኮምቦልቻ መጋዘን ነው የሚሠራ።

"ክፍያ ነበረብህ?"

"እታለም…"

"ነበረብህ ወይስ አልነበረብህም?"

"አልነበረብኝም። አብዬ አደራ ብሎኝ ነው። እሱን ጠይቂው።"

ቀጥሎ የነገረኝ ደግሞ ይብሳል። ኦርጂናል ዲግሪውን ገና አልወሰደም፣ የወጪ መጋራቱ ሳይከፈል አይሰጥም። እኔ ከፈልኩት ያልኩት ዕዳ ጭራሽ አልተነካም! እንዳለ ተቀምጧል።

የካቲት 8

ሱቅ አልከፈትኩም።

የካቲት 9፣ ሐሙስ

አብዬ ጋ፣ ሐይቁ ዳር መሬቱ ላይ ሄድኩበት። ሽንኩርት ይኮተኩታል። ግማሹ መሬት ጦም አድሯል፣ የሚያርስበት በሬ የለው።

"አብዬ፣ የሙስዓብ ክፍያ ምን ነበር?"

መኮትኮቱን ቀጠለ… አንድ መደብ ጨረሰ። ከዚያ ቀና ሳይል "በሬ ነበር" አለ።

መጀመሪያ በሬ። ቀጥሎ ቆርቆሮ። ቀጥሎ ሁለተኛው በሬ… ሌላውንም ተናገረ፣ አልሰማሁትም።

"ታዲያ በሬ ልግዛ ብለህ አትጠይቀኝም ነበር?"

"ለልጅ ትምህርት ሲባል ያምራል። አባት ሴት ልጁን ኸሰው አገር፣ ኸሰው ቤት ወለል እየጠረገች፣ ለራሴ ስጭኝ ይላል? በምን አፉ?"

"ለውሸቱ አፍ ነበረህ" አልኩት።

አባቴን! ጥዬው መጣሁ። ሐይቁ ያው እንደ ወትሮው ጸጥ ብሎ ተኝቷል፣ እሱንም ጠላሁት።

በሬዎቹን አምና ታጣቂዎቹ አርደው በሏቸው። ቆርቆሮውን ጥይት በሳሳው፣ ክረምት ሲመጣ ከሥሩ ሳፋ እናስቀምጣለን። የስድስት ዓመት ጉልበቴ ይኼው ነው። የሚያናድደኝ ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በዚያ ውሸት ላይ ቆሜ ሀውራን ለደላላ ልሰጥ ነበር። ልጅቷ እየነገረችኝ፣ ዝም በይ ብዬ! እሱም እየሰማ አንገቱን ደፋ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት?

የካቲት 10፣ ዓርብ

ደላላውን "ቀርቷል" አልኩት። ብዙ ተናገረ። ሀውራን አቅፌ "ልክ ነበርሽ" አልኳት። "አውቃለሁ" አለች። ምላሷስ!

የካቲት 21፣ ማክሰኞ

አብዬ አልፈርምም አለ። "የሰው ሰደቃ ለልጄ አላበላም።" ሰደቃ አይደለም፣ በውጤቷ ነው ብዬ መምህሩ ያሉትን ሁሉ ነገርኩት። ሰደቃ ነው አለ።

ቅጹን ደግሜ ሳነበው ነው የገባኝ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ከቤተሰቡ ቀደም ሲል ዩኒቨርሲቲ የተማረ ካለ ወጪውን ማን ሸፈነ?" ከሥሩ የአባት ፊርማ። ቅጹ ደግሞ ማኅበሩ ፊት ይነበባል፣ ሪያድ የሚሠራ የቅሬው ልጅ ሁሉ እዚያ አለ። "ዙሌይካ" ብሎ ቢፈርም በውሸት መፈረም ነው። "መንግሥት" ቢል ደግሞ የከፈለችው ዙሌይካ ናት ሲባል የኖረው መንደር በሙሉ በሬው ከየት እንደመጣ ሊጠይቅ ነው።

አብዬ ሰው ሲያስታርቅ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይላል። ለራሱ ሲሆን ንጋቱን ያዘገየዋል።

መጋቢት 2፣ ቅዳሜ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ስሟን ሦስቴ አሳየችኝ።

ከአብዬ ጋር አንነጋገርም። ምግብ አቀርብለታለሁ፣ ይበላል። ቅጹ ኪሱ ውስጥ ነው፣ አይቼዋለሁ። ለምን አልቀደደውም?

መጋቢት 13፣ ረቡዕ

ነገ ጾም ነው። ቅሬው ሁሉ አውፍ፣ ይቅር ሲባባል ዋለ። ቂም ይዞ ረመዷን አይገባም፣ በየደጁ "አውፍ በለኝ፣ አውፍ በይኝ" ነው። እኔም ጋ የሰፈሩ ሴቶች መጡ። አንዷ አምና አምታኝ እንደነበር ዛሬ ነገረችኝ። ባትነግረኝ አላውቅም ነበር። አውፍ አልኳት፣ አሁን ግን ምን ብላ እንዳማችኝ ማወቅ አማረኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብዬ ሱቅ ገባ። ገባ! የተሰቀሉት ሻርፖች ፊቱን ሲነኩት ገለል አደረጋቸው፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቅጹን አወጣ። በላብ ርሶ ጠርዙ ተልጧል።

"ብዕር አለሽ?"

"አለ።"

"መንግሥት ብለሽ ጻፊ።"

ጻፍኩ። ፈረመ፣ ስሙን ሙሉ፣ ኑርዬ ብሎ እስከ አያቱ። አንዲት ደንበኛ በር ላይ ቆማለች፣ ግድም አልሰጠው።

"ኸመንደሩ ሁሉ አውፍ ጠይቄ አንችን ትቼ ጾም ልገባ? በድየሻለሁ ልጄ። አውፍ በይኝ።"

ቶሎ አላልኩም። ሳፋው ትዝ አለኝ፣ ደላላው ትዝ አለኝ… ከዚያ ፊቱን አየሁት። መቼ ነው እንዲህ ያረጀው?

"አውፍ ብያለሁ" አልኩ። ደግሞ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ "ግን አብዬ፣ ጦም ያደረውን ግማሽ መሬት ስጠኝ።"

"ለሀውራ ወጪ?"

"ለራሴ።"

ቃሉ አፌ ላይ እንግዳ ሆነብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ይህን ቃል መቼ ብዬው አውቃለሁ?

"ያንችው ነው። በሬ ግን የለኝም" አለ። ሳቅን። ስንስቅ ደንበኛዋ ምን ነካቸው ብላ ሄደች።

መጋቢት 26፣ ማክሰኞ

ሀውራ ሄደች። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ሳሙና፣ አንድ ሻንጣ። የማኅበሩ የመጀመሪያው ወር ገብቶላታል። አብዬ መናኸሪያ ድረስ ብርድ ልብሱን ተሸከመ። ምክር ይሰጣል ብዬ ስጠብቅ፣ "ውሉን ስትፈርሚ አንብበሽ ፈርሚ" ብቻ አላት። አይ አብዬ።

ቤቱ ጭር አለ። እየጾምኩ አለቀስኩ።

ሚያዝያ 10፣ ማክሰኞ

ሀውራ ደወለች። ውሉን ፈርማለች፣ አንብባ። ለፈተና ፈርታለች፣ ሦስት ነጥብ ካልሞላሁስ ትላለች። አብሽሪ አልኳት። ወገቤ ያው ነው። ጠዋት በዶማ ቆፍሬ የተከልኩትን ሽንኩርቴን ሳጠጣ ግን… የራስ ድካም ሌላ ነው።

ከሰዓት አብዬ ሱቅ መጣ። አሁን ወንበሩን ለምዶታል፣ ሻርፕም ያማርጣል ለደንበኛ። ትንሽ ተቀምጦ፣ "ዙሌይካ፣ ለዒድ ጫማ ግዥልኝ" አለ።

"ለማን?" አልኩት፣ ሙስዓብ ጠይቆት መስሎኝ።

"ለራሴ ነዋ! ይኸ እግሬን በላው። የቆዳ ይሁን ደግሞ።"

ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ፣ እንባዬን እንዳያይ። እንዲህ ቢለኝ ኖሮ… ሪያድ እያለሁ ስልኩን አንስቶ፣ ዙሌይካ፣ ለራሴ በሬ ግዥልኝ ቢለኝ፣ እምልክ አይመስለውም ነበር? በደስታ እልክ ነበር።

ቁጥሩን ጠየቅኩት። አርባ ሁለት። እንዳልረሳው መዳፌ ላይ ጻፍኩት፣ ነገ እገዛለታለሁ።