ያላለቀው ሶሌ

ይድረስ ዲትሮይት ላለኸው ወንድሜ ክሊዮፈስ፤ ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስህ። እኛ ከእግር ሕመም በቀር ደህና ነን።

አውቶቡስ ላይ «ጥቁር ከኋላ» ማለት ካልቀረ አንሳፈርም ብለን፣ የሞንትጎመሪ ጥቁር ሁሉ በእግሩ ነው። እማዬ እንኳ በዚያ ጉልበቷ የነጮቹን ልብስ አጥባ እየዘመረች ነው የምትመለሰው። አውቶቡሱ ባዶውን ይዞራል። ባዶ ሲሆን ወንበሩ ሲቀመጡበት እንዴት ይቀዘቅዛል መሰለህ!

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሶሉ ላለቀበት ሰው ጫማ ሲታደል፣ ፓስተራችን «እህት ቨርሊን፣ ያንቺስ?» አሉኝ። እማዬ እግሬን ቀና አድርጋ ምንም ያልተበላውን ሶሌን ለሰው አሳየችና «የኔ ልጅ እንደ ላባ ነው የምትረግጠው!» አለች። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ዛሬ እማዬ እስክትወጣ ጠብቄ፣ ሶሌ በእግር መንገድ ያለቀ እስኪመስል ጫማዬን በደረጃው ሲሚንቶ ፈገፈግሁት።

ሌላ ወሬ የለም። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ጫማ ከላክህ ለእማዬ ይሁን፤ ለኔ አደራ እንዳትልክ።

እህትህ ቨርሊን