አራት ቀን ያለፈው ኢንሹራንስ

ሰኞ፣ ጥር 5

ጎረቤቴ ዛሬም ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት የግቢውን ዘበኛ በክላክስ ቀሰቀሰው። እኔንም። ሰፈሩንም። ስሙን ከነአባቱ አውቀዋለሁ፤ ግን ክላክስ ይበቃዋል። መኪና መንዳት እያስተማረ የሚኖር ሰው ወርዶ በር ማንኳኳት እንዴት ያቅተዋል?

ከሰዓት በሥራዬ፣ በሚዛን ተቆጣጣሪነቴ፣ የአንድ ሉካንዳ ሚዛን አሸግሁ። የምርመራ ወረቀቱ ሦስት ቀን አልፎታል። "ሦስት ቀን ምን አላት፣ ጋሼ?" እያለ ለመነኝ ባለ ሉካንዳው። ሚዛኑ ትክክል ነው፤ ፈትሼዋለሁ። ቢሆንስ? ቀን ቀን ነው። በሽቦ አስሬ፣ ማኅተሜን መትቼ ወጣሁ።

ማታ ባለቤቴ የመኪናውን ኢንሹራንስ ስቲከር እንደ ሰው መስታወቱ ላይ ለጥፈው አለችኝ። መስታወቴን በሙጫ አላቆሽሽም። መሳቢያ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ንጹህ።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ክላክስን ገጨሁት።

ከግቢ ወደ ኋላ ስወጣ ነው። መኪናውን በሩ አጠገብ አጣሞ አቁሞታል። ዓይኔ መኪናው ላይ፣ አፌ ስድብ ላይ... ሰውየው ለካ በሌላው ጎን ቆሟል። በር ሊከፍትልኝ። ከስንት ዓመት አንድ ቀን ትሁት ቢሆን ቅልጥሙ ተሰበረ።

ትራፊክ ፖሊሱ መጀመሪያ ያየው የፊት መስታወቴን ነው። "ስቲከርዎስ?" መሳቢያ ውስጥ ነው አልኩ፣ በኩራት። አመጣሁ። አብረን አነበብነው። ያበቃው ጥር 4።

አራት ቀን።

ሰኞ ያንን ሚዛን ላሽግ የሄድኩበት መኪና ራሱ አንድ ቀን አልፎት ነበር ማለት ነው። መስታወቱ ላይ ቢሆን በየጠዋቱ አየው ነበር... ፖሊሱ አዘነልኝ። ምናልባት አድሰው አዲሱ ጠፍቶብዎት ይሆናል፣ ሰኞ ቃል ሲሰጡ ይዘውት ይምጡ አለኝ።

አርብ፣ ጥር 9

የባለቤቴ ወንድም መጣ። ኢንሹራንስ ቢሮ ነው የሚሠራው። ሻዩን ሳይጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጋሼ፣ ውሉን ጥር 3 እንደታደሰ አድርጌ አስገባዋለሁ። ማን ይጎዳል?" ካልሆነ ግን ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ሰው ሲጎዳ ዕዳው የባለንብረቱ ነው፤ ሕክምናው፣ ሥራ የፈታበት፣ ቅጣቱ። ይህን ሁሉ በጣቱ ቆጠረልኝ። ጣሪያ ለማደስ ያስቀመጥናት ብር በሙሉ ትሄዳለች።

ባለቤቴ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ከዚህ ዝምታ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሲናገር ይሰማኛል።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ሆስፒታል ሄድኩ። እግሩ ከጉልበት በታች ጄሶ ሆኗል። ገና ሲያየኝ፣ "ዘገየህ፤ ሌሎች አሸጉኝ" አለ። አጠገቡ የተኛው በሽተኛ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

"ኢንሹራንስ አለህ አይደል?"

"ዝም ብለህ ተኛ" አልኩት። ይሄ መልስ ነው?

እሑድ፣ ጥር 11

ሦስት ቀን ምን አላት... ባለ ሉካንዳው ጭንቅላቴ ውስጥ ቅርንጫፍ ከፍቷል።

ሰኞ፣ ጥር 12

ጻፍኩት። "በአደጋው ዕለት መኪናው ኢንሹራንስ አልነበረውም።" ፖሊሱ ሁለቴ አንብቦ፣ እርግጠኛ ነዎት ወይ አለኝ። ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ነው የኖርኩት፤ ሲጠይቁኝ እንዲህ እንደሚያስጠላ አላውቅም ነበር።

የባለቤቴ ወንድም በስልክ ደደብ አለኝ። "ጋሼ"ን ግን አልተወም።

ለክላክስ ራሴ ሄጄ ነገርኩት። ዝም አለ። ዝም ሲል አይቼው አላውቅም፤ አያምርበትም። ቆይቶ፣ "ሕክምናዬን ትችላለህ። እግሬ እስኪድን ደግሞ ሥራ ቦታ ታደርሰኛለህ። የመንገድ ምልክት ቁጭ ብዬም አስተምራለሁ። ግን በሰዓቱ" አለ።

በሰዓቱ! ለኔ!

ሐሙስ፣ ጥር 22

ባለ ሉካንዳው ወረቀቱን አሳደሰ። ማኅተሙን ራሴ ሄጄ ፈታሁለት። ስለ አራት ቀኔም ነገርኩት። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቴ ለሚያፈሰው ጣሪያ ባልዲ ገዛች። ሰማያዊ። ስለ ባልዲው አልተነጋገርንም።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

አዲሱን ስቲከር ክላክስ ከእጄ ነጥቆ መስታወቱ ላይ ለጠፈው። አንተ ጋ ከሆነ መሳቢያ ይገባል አለ። ጠማማ ነው። በግምት ሰባት ዲግሪ። አልነካሁትም... እስካሁን።

መንገድ ላይም አላረፈም። "ስፖኪዮ። ስፖኪዮ እያየህ። ተማሪዬ ብትሆን ጥዬህ ነበር።" ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰው! ስፖኪዮውን አያለሁ፤ ግን እሱ ስላለ እንዳይመስለው ትንሽ ቆይቼ።

አርብ፣ የካቲት 21

ጄሶው ትናንት ተፈታ። ዛሬ የራሱን መኪና ይዞ ይወጣል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቅቼ ተኝቻለሁ። ዝም። አንድ ደቂቃ። ሁለት... ባለቤቴ ምን እንደምጠብቅ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት።

አሥራ ሁለት ከአራት ላይ ክላክስ አደረገ። ረጅም።

ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ። "አራት ደቂቃ አልፎሃል" አልኩት።

ክራንቹን በመኪናው መስኮት አውጥቶ ነቀነቀልኝ። "እሺ፣ ውረድና አሽገኝ።"