የበር ሠሪው የጥናት ጉዞ

ይድረስ ባሕር ማዶ ሆና ዳቦ ለምትሸጠው ታላቅ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ሰብሬ የምናዘዘው ኃጢአት አለኝ። የአንቺን ሹራብ ለብሻለሁ። ይህን ስጽፍም እላዬ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሹራብ እንዳለሽ አታውቂም፤ እሱን ቀስ ብዬ አጫውትሻለሁ። ለጊዜው ግራ እጅጌው ላይ ሻይ መድፋቴን ብቻ በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ።

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፣ እኔን ሒሳብ ያመኛል፣ አባዬን ደግሞ ማስተርስ ይዞታል። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን ገና "አባዬ" ስል ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ አይዘጋም። ብትቀጂው እንኳ ሳታነቢው አትቀጂውም፤ አውቅሻለሁ።

እንግዲህ ስሚ። ዕድሜውን ሙሉ በር ሲሠራና ሲሸጥ የኖረው አባታችን፣ ንግድ ምን እንደሆነ ሊማር ቅዳሜና እሁድ ትምህርት ቤት ገብቷል። ክፍሉን አይቼዋለሁ። ቦርጭና መላጣ በየረድፉ ተቀምጦ፣ ሁሉም አዲስ ቦርሳ ገዝቶ፣ "የቤት ሥራ ሠራህ?" እየተባባሉ ደብተራቸውን በክንዳቸው የሚሸፍኑበት ክፍል ነው። ከአባዬ ጎን የሚቀመጠው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ፈተና ላይ ሲኮርጅ ቢያዝ፣ "የቡድን ሥራ መስሎኝ" አለ አሉ። "የዛሬ ልጆች ተበላሹ" የሚሉን እንግዲህ እነዚህ ናቸው።

ቤታችንማ ድርጅት ሆኗል። ራት ላይ አጀንዳ ይቀርባል። አባዬ "ጨው አነሰው" ማለት አቅቶት "የጥራት ቁጥጥር ላይ ክፍተት አይቻለሁ" አላት እማዬን። እማዬም ቁጥጥሩን ራሱ እንዲያካሂድ ጭልፋውን አስረክባው ተነሳች። እኔን ካልሲ አቀብዪኝ ሲል እንኳ "የአቅርቦት ክፍል" ብሎ ነው የሚጠራኝ።

የትምህርቱ ቁንጮ ደግሞ የጥናት ጉዞ ነው። ውጭ አገር ሄደው የሰው ኢኮኖሚ ተመልክተው ይመጣሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ያየውን አንድ ድርጅት ፎቶ አንስቶ ክፍል ፊት ያቀርባል። ከሁለት አገር ምረጡ ሲባሉ አባዬ ሞቃቱን ትቶ አንቺ ያለሽበትን ብርዳም አገር መረጠ። ለምን ስንለው "ገበያው ይስበኛል" አለ። ከመሄዱ በፊት አንድ ያልታወቀ ሰው የዳቦ ቤትሽን አድራሻ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶለታል። የእጅ ጽሑፉ እንደኔው አስቀያሚ ነው ይባላል። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ተመለሰ። ስላይድ እንድሠራለት ስልኩን ሰጠኝ። ቡድኑ የተላላከው ፎቶ ሁሉ አለ፦ ወደቡ፣ የመኪና ፋብሪካው፣ ያ የባንክ ሰው ሄልሜት ደፍቶ እንደ ሙሽራ ሲሽኮረመም። አባዬ አንዱም ላይ የለም። እሱ ያነሳው አንድ ዳቦ ቤት ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ በጠዋት፣ በዝናብ፣ መብራት ሲበራ፤ ግማሹን አውቶቡስ ጋርዶታል። ከነዚያ መሃል ጥቂቱን ተጠግቶ አንስቷል። መስታወቱ ላይ ራሱ ይታያል፤ ቆቡን ቅንድቡ ድረስ አውርዶ፣ የሱቅ ከረጢት ደረቱ ላይ አቅፎ። ይሄ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ "የደንበኛ ፍሰት ጥናት ነው" አለኝ፣ ወደ ስልኩ ሳይዞር።

ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ሹራቡ ነው። "ለአንቺ ነው የገዛሁት" ብሎ ለእማዬ ሰጣት። እማዬ አንገቷን አስገባች፣ ትከሻዋ ላይ እምቢ አላት። አውልቃ አየችው። አንቺ የምትወጂው ቢጫ ነው፤ ቁመቱም ስፋቱም ልክ የአንቺ። አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። የገዛ ሚስቱን ትከሻ የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ ገበያ ሊያጠና አገር ያቋረጠው።

ባለፈው ቅዳሜ ማቅረቢያው ነበር፤ ቤተሰብም ተጋብዟል። አባዬ ከረባት አስሮ ወጣ። ስለ ትርፍ የለ፣ ስለ ዋጋ የለ። ሰው ሲበዛ ሻጭዋ ፀጉሯን ወደ ኋላ እንደምታስር፣ ሰው ሲቀንስ ሻይዋን ቆማ እንደምትጠጣ፣ መቀመጫ እንዳልሰጧት፣ ይህን ሲተርክ ቆየ። የባንኩ ሰው ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸመ። መምህሩ፣ ልጁ ሊሆን የሚችል ወጣት፣ በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ፣

"ገብተው ምን ገዙ?" አለው።

"አልገባሁም።"

"ለምን?"

አባዬ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። "በሩ ከበደኝ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የከተማውን ግማሽ በር የሠራ ሰው በር ከበደው! እኔም ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ። ወደ እማዬ ስዞር ወንበሯ ባዶ ነበር። ያኔ ትዝ አለኝ። አንቺ ወርክሾፑን አልረከብም ብለሽ ሻንጣሽን ያነሳሽ ቀን፣ "ከዚህ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ እንዳታንኳኪው" ያለሽ እሱ ነው። ሌላ ጊዜ ታዘሽው የማታውቂው ልጅ፣ ያቺን ትእዛዝ ብቻ ደህና አድርገሽ ታዘዝሽ።

መምህሩ ጣለው። በሚቀጥለው ጉዞ ተመልሶ፣ ውስጥ ገብቶ፣ ሰዎቹን አነጋግሮ ካልመጣ ዲግሪ የለም። ለጉዞው ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ወርክሾፕ ስሄድ ያለቀለትን በር ሁሉ አንድ በአንድ እየከፈተ ሲዘጋ አገኘዋለሁ። ሠራተኞቹ ጥራት የሚፈትሽ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ አንቺ። አንዷ ፎቶ ላይ ሽርጥ የታጠቀች ሴት ዳቦ እንደያዘች ወደ መስታወቱ ዞራለች። የሚያነሳትን ሰው ቀጥ ብላ ታየዋለች። ፊቷን ሳጎላው ምስሉ ተበተነብኝ፤ ስለዚህ ምንም አልጠይቅሽም። ከዚያ በኋላ ባሉት ፎቶዎች ላይ ግን ባንኮኒው ባዶ ነው። ምናልባት ሻይዋን ልትጠጣ ወደ ጓዳ ገብታ ይሆናል። አንዱ ውጭ በዝናብ፣ አንዷ ጓዳ ውስጥ፣ መሃል ላይ አንድ መስታወት። እኔ ከጓደኛዬ ብጣላ ከእረፍት ደወል አላሳልፈውም፤ ልጅ የምባለው ግን እኔ ነኝ።

አንዲት ነገር ብቻ መልሺልኝ። ያ በር የሚገፋ ነው የሚሳብ? ለተማሪያችን የፈተና ዝግጅት እንዲሆን ነው።

ጤናውን ያብዛልሽ፤ እጅሽ አይዛል፤ የምድጃው እሳት አይንካሽ፤ የባለሱቁን ልብ አራርቶ ወንበር ያሰጥሽ።

ሹራብሽን በአደራ የለበሰች
ታናሽ እህትሽ

ይኸው ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ልክተት ስል ከኋላዬ ጥላ አየሁ። አባዬ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ እንጃ። መጀመሪያ ሹራቡን አየ፣ ከዚያ ወረቀቱን። ክንዴን ወረቀቱ ላይ ብዘረጋም ረፍዷል።

"የኔ ቅመም" አለኝ። እስኪቆጣ ጠበቅሁ።

"የሚገፋ ነው።"