የባጃጁ መምጫ

ሥርጉት፣

ድሬዳዋ መውረዴ ነው፤ መኪናው እየጠበቀኝ ነው።
ስምንቱም ጀሪካን ውኃ ተሞልቶ ኩሽና ገብቷል። ሰማያዊው ስለሚያፈስ አስቀድመሽ እሱን ጨርሺ።

ቀኑን ሙሉ ተማሪዎችሽን ሒሳብ፣ የግራፍ መስመር ስሎፕ (ተዳፋት) ስታስተምሪ ትውዪና፣ ማታ "ለቁጠባ" ብለሽ ውኃ አመላላሹን ባጃጅ ለአንድ ጀሪካን ትጠሪያለሽ። ሰውዬው አንድም ጫነ ስምንት፣ ለመምጫው መቶ ብሩን ይቀበላል። መስመሩ በየጀሪካኑ ከፍ የሚልበት ስሎፑ የአንዱ ጀሪካን ዋጋ ነው፤ እሱማ ምን አደረገን? የጨረሰን መስመሩ ገና በዜሮ ጀሪካን የሚነሳበት መቶ ብር ነው፣ ያውም በየቀኑ።
ይህን ኩሽናው በር ላይ በጠመኔ ሥለሽ ያስረዳሽኝ ደግሞ አንቺው ነሽ!

የዛሬውን መምጫ እኔ ከፍያለሁ፤ እንደ ሌላው የቤታችን ወጪ ለሁለት እንዳታካፍዪው። ትናንት እናትሽ ፊት ቋጣሪ ላልኩሽ ነው።

ይቅርታዬ ግን እዚያው መቶ ብሩ ላይ ያበቃል።
የጀሪካኖቹን ዋጋ ግማሽ ትሰጪኛለሽ።

ራሔል