ለዘጠና ሳንቲም ክንፍ

የካቲት 3
አባዬ ዛሬ ቢላ ያዘ! እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ አናጺነቱን ከተወ ዓመት ሊሞላው ነው። በሪሞት የምትበረዋን ትንሽ አውሮፕላናችንን ክንፍ ከፎም ቆርጦ አወጣ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘጠና ሳንቲም። ቀኙ ሲንቀጠቀጥ በግራው ይደግፈዋል፤ መስመሩ ግን ዝንፍ አላለም።
"ለዚህ ክንፍ ትንሿ ሞተር ትበቃለች። ትልቁ ካማረሽ ንገሪኝና ክንፉን ላስረዝመው።"
እሺ አልኩ። ደስ ሲል...

የካቲት 7
ትልቁን ገዛሁ። ሻጩ "ይሄ እኮ ለሜትር ከሃምሳ ክንፍ ነው" ቢለኝ "ጉልበት በዝቶበት የሞተ የለም" ብዬ አሳቅሁት። ቀኑን ሙሉ መነጽር ቤት የሰው ዓይን ስለካ እውላለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን በግምት!
አባዬ "ያልኩሽን ነው የገዛሽው?" አለ። "አዎ።" ለምን ዋሸሁ? ስትበር እነግረዋለሁ ብዬ ነው... አውሮፕላኗ አፍንጫ ውስጥ ከትቼ ሸፈንኩት።

የካቲት 9
ሜዳ ወጣን። አባዬ ወርዋሪ፣ እኔ አብራሪ። አውሮፕላኗ ላይ ያለችው ካሜራ የምታየውን የሚያሳየኝን መነጽር አደረግሁ። ሙሉ ጉልበት ሰጠኋት፣ ወረወራት... ገና ከእጁ ስትወጣ ወደ ግራ ተገለበጠች። ሰማይ፣ ሣር፣ ጨለማ።
መነጽሩን ሳወልቅ አባዬ እጁን ያያል። "እጄ ነው። አዘነበልኩብሽ።"
እጁ አይደለም። ሞተሩ ለዚያች ክንፍ በዛባትና ሲዞር እሷን በተቃራኒው ጠምዝዞ ገለበጣት። ወዲያው ገባኝ። ያልኩት ግን "ምንም አይደል አባዬ" ነው። ምንም አይደል! ጭራሽ ይቅር ባይ ሆንኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል። እኔ እንኳ አልለከክሁም፣ ራሱ ሲወስደው ዝም አልኩ። ይሄ አይብስም?

የካቲት 10
ቀኝ እጁን ኪሱ ከቶ ዋለ። ሻይውንም በግራው።

የካቲት 14
የዕቃ ሣጥኑን ለጎረቤታችን ለአናጺው ሊሰጥ ነው። መጋዙን፣ መላጊያውን፣ መሮውን፣ ሁሉንም። "አውሮፕላን መወርወር ላቃተው እጅ ምን ያደርጉለታል?" አለኝ እየሳቀ። ሳቁ አንጀቴን በላው።
ዛሬ እነግረዋለሁ።
...አልነገርኩትም።

የካቲት 17
አጉል ብልጠት! ክንፉን አጣበቅሁ፣ ትንሿን ሞተር ገዛሁ፣ በድብቅ ቀየርኩ። ሐሳቤ... እሱ ይወረውራል፣ እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ በእጁ ያምናል፣ እኔም ሳልዋረድ ነገሩ ያልቃል።
ሜዳ ስንደርስ አባዬ "አልወረውርም" አለ። ለመንኩት። ወይ ፍንክች! አብሮን የመጣው ወንድሜ ነጠቀኝና እሱ ወረወራት።
ቀጥ ብላ ሄደች። በመነጽሩ ውስጥ ሜዳው ሁሉ ከሥሬ ተዘረጋ። እንዴት ታምራለች! ያኔ ከጎኔ የአባዬ ድምፅ፦
"አየሽ? እጄ ነበር።"
ምን አደረግሁ? ጥፋቴን ልሸፍን ብዬ ማስረጃ አመጣሁበት። መኪና ውስጥ ሳለቅስ ወንድሜ "በደስታ ነው?" ይለኛል።

የካቲት 18
ነገርኩት። ትንሿንም ነቅዬ ሁለቱን ሞተሮች መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ሁሉንም ተናዘዝኩ፣ "አዎ" ያልኩትንም ጭምር። ሞተሮቹን አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያቺን አገላበጠ።
"ከወደቀች ስንት ቀን ሆናት?"
"ዘጠኝ።"
"ዘጠኝ ቀን እጄን ሳይ አይተሽኛል።"
ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።
ከዚያ "ሣጥኑ ሄዷል። ትናንት ከሜዳ እንደተመለስን አናጺው መጥቶ ወሰደው" አለ። ሰማይ ተደፋብኝ። በነጠላ ጫማዬ ሮጥኩ። አናጺው ነገሩን ሲሰማ "የእሱን መሮ በእጄ መያዝ ራሱ ጨንቆኝ ነበር" አለና ሣጥኑን በአንድ ወገን ተሸከመልኝ፣ በሌላው እኔ። አባዬ በሩን ከፈተልን። እሱን አመሰገነው። እኔን አልፎኝ ገባ።

የካቲት 19
የቀዳሁለትን ሻይ ትቶ ራሱ ሌላ ቀዳ።

የካቲት 21
ከሥራ ስመለስ ትልቁ ሞተር ጠረጴዛው ላይ፣ ፎሙ መሬት ላይ ተዘርግቷል። አባዬ አዲስ ክንፍ እየቆረጠ ነው፣ ሜትር ከሃምሳ። ለዚያ ሞተር የሚመጥን። "ሜትሩን ልያዝልህ?" አልኩ።
"ተይው። ከሚዋሽ እጅ የሚንቀጠቀጥ እጅ ይሻላል።"
ወለሉን ጠረግሁ።

የካቲት 29
አባዬ ወረወራት!
መጀመሪያ አፍንጫዋን ከፍቶ ሞተሩን አየ። ክንፉን በራሱ ሜትር እንደገና ለካ። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ። ወደፊትም እንዲህ ነው የሚሆነው፣ "አዎ" ስለው ሄዶ ያያል። የዘራሁትን ነው ያጨድኩት።
ሲወረውር እጁ ተንቀጠቀጠ። እሷ ግን ደንታም አልሰጣት፣ ቀስ ብላ ወጣች። ሜዳውን ዞሬ ካሜራዋን ወደ እኛ መለስኩ። ከላይ ሁለት ሰዎች ታዩኝ። አንዷ መነጽር አድርጋ የቆመች፣ እኔ። ሌላው አባዬ። ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ያውለበልባል።
ለእኔ ይሁን ለአውሮፕላኗ አልጠየቅሁትም።