ዛሬ ብርድ ልብስ አላለበስኩትም

ውድ ምራቴ፣

ልጄ «ምራትሽ አይደለችም» ይለኛል። «እማዬ፣ ተፋተናል እኮ!» ይለኛል፣ ያልሰማሁ ይመስል። እሱ ፈታሽ እንጂ እኔ መቼ ፈታሁሽ? የጠየቀኝም የለም። ስለዚህ እንደ ድሮው ነው የምጠራሽ፤ ደስ ያላለው ጆሮውን ይድፈን።

ይህን የምጽፈው መስኮቱ ስር ቁጭ ብዬ ነው። መብራቴ ጠፍቷል፣ ኮምፒውተሩም ጠፍቷል። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ ግን ታውቂኛለሽ፣ ትንሽ ሳልነጫነጭ ወደ ቁም ነገር አልገባም።

ያንን ሳጥን ያመጣሽ ቀን ትዝ ይልሻል? «የሰው ጥራጊ ሰብስባ ቤቴን ልትሞላው ነው» አልኩ፤ ለልጄ ነበር የነገርኩት፣ አንቺ እንድትሰሚው። መብራት በሄደ ቁጥር በጨለማ ስደናበር አይተሽ ነበር። የኮምፒውተር ጠጋኝ አይደለሽ? ከተጣሉ ላፕቶፖች ውስጥ ጣት የሚያህሉ የባትሪ ሴሎች አውጥተሽ፣ ደህና ደህናውን መርጠሽ፣ በእንጨት ሳጥን ደረደርሽልኝ፤ መብራቴም ከዚያ ይበራ ጀመር። አጠገቡም አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አስቀመጥሽ።

«እማማ፣ እነዚህ ሴሎች እኩል አይደክሙም። አንዷ ከታመመች ሌሎቹንም ይዛ ትወድቃለች። ይሄ ኮምፒውተር የእያንዳንዷን ጉልበትና ሙቀት እየለካ ያሳየናል።»

«እኔን የሚለካኝ ሳይኖር ለባትሪ ሐኪም ቀጠርሽለት?» አልኩሽ። ሳቅሽ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ቁጥር መለጠፍ ትችዪ ነበር፤ ቁጥር አውቃለሁ። አንቺ ግን ሆን ብለሽ ፊደል ለጠፍሽባቸው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ ሳጥኑም ላይ፣ ስክሪኑም ላይ። «አንዷ ቀይ ስትሆን ስሟን ደውለው ይነግሩኛል» አልሽ። አባቴ ወንድሞቼን ትምህርት ቤት ሲልክ እኔን ውሃ ያስቀዳኝ ነበር፤ በስተርጅናዬ በባትሪ ፊደል ልቆጥር! ሳጥኑ ላይ ያልተለጠፉትን ፊደሎች ደግሞ ማታ ማታ በደብተር አስጻፍሽኝ። መጀመሪያ የለየኋት መነጽር የምትመስለዋን «መ»ን ነው፤ ከሁሉም ቀድማ የምትደክመው እሷ ነበረች። እኔን ትመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሄድሽ። ልብስሽንና መሣሪያሽን ወሰድሽ፣ ሳጥኑን ተውሽልኝ። ልጄ «ቆሻሻዋን ላውጣው» ሲል «እጅህን ሰብስብ!» አልኩት። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ሳጥኑን ከነኮምፒውተሩ ብርድ ልብስ አለበስኩት። ያረጀ ነገር ብርድ አይችልማ! ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ።

«እማማ! ሳጥኑ ላይ ምን ጣሉበት?»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ሁሉም ቀላ! ስልኬ ላይ ይመጣልኛል እኮ። ቶሎ ያንሱት፣ እሳት ሊነሳ ይችላል!»

«ብርድ ልብስ ነው፣ ምን ሆነሻል?»

«ለባትሪ?» ብለሽ ከት ብለሽ ሳቅሽ። ቀጥለሽም «ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ተሻለዎት?» አልሽኝ። የወለድኩት ልጅ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለካ ከሄድሽም በኋላ ትጠብቂኝ ነበር።

የቀረውን ሳትጠረጥሪ አልቀረሽም። ናፍቆቱ ሲብስብኝ ብርድ ልብሱን ጣል አደርግበታለሁ፤ ሞቅ ሲል ትደውያለሽ፤ እሱን አንስቼ እናወራለን። ራሴ ደውዬ «ናፈቅሽኝ» እንዳልል የፈታሽ ሰው እናት ነኝ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እያደር ግን ድምፅሽ ተለወጠ። ባለፈው «ብርድ ልብሱን ያንሱት፣ እሺ?» ብለሽ ወዲያው ዘጋሽው።

ዛሬ ጠዋት «መ» ቀላች። ብቻዋን። ሌሎቹ አረንጓዴ ናቸው። ብርድ ልብሱ ትከሻዬ ላይ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሳጥኑን ስዳስሰው እሷ ያለችበት ጥግ ይፋጃል። ስልኬን ይዤ ጠበቅኩሽ፤ አልደወልሽም። «አሮጊቷ ደግሞ ጀመራት» ብለሽ ይሆናል። አልፈርድብሽም። ቁጥርሽን ተጫንኩና መጥራት ሲጀምር ዘጋሁት። ምን ብዬ ላሳምንሽ?

ድሮ እንዳሳየሽኝ ቀዩን ሽቦ ነቀልኩ። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። አሁን ስልክሽ ላይ ከኔ ቤት የሚታይሽ ነገር የለም፤ ቀይም አረንጓዴም። ጨለማውን እንኳ ለምጄዋለሁ፤ የፈራሁት ከዓይንሽ መጥፋቴን ነው።

ልጄ ተሠርቶ ያለቀ ባትሪ ሊያመጣልኝ ነው፤ ራሱን በራሱ የሚጠብቅ፣ ሰው የማያስፈልገው። አልፈልግም አልኩት። «ግትር ነሽ» አለኝ። ነኝ።

ደብዳቤውን ጎረቤቴ ታክሲ ነጂው ሱቅሽ ድረስ ያመጣልሻል። ነይና «መ»ን ቀይሪልኝ። ካልሆነልሽ ሳጥኑ እንደጠፋ ይቅር፤ አንቺ ግን አትቅሪብኝ። ምንም ሳይቀላ፣ ምንም ሳይሞቅ፣ እንዲሁ ደውዪልኝ። እኔም እንዲሁ እደውላለሁ፤ ስታነሺው «ናፈቅሽኝ» እላለሁ። እጄ ከጻፈው አፌ አያቅተውም።

ብርድ ልብሱን አንቺ ትተኚበት የነበረው አልጋ ላይ አንጥፌዋለሁ።

ያልፈታሁሽ አማትሽ