አሥራ ስምንት ስክሪን በመድኃኔዓለም ዕለት

ዓርብ፣ ጥር 23። ጠዋት 2፡40

ኮምፒውተር እስኪከፈት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያላንገበገበው ሰው አለ? ዛሬ ግን ማንም አልጠበቀም። ማስታወሻዬ፣ ደስ ብሎኛል። አሥራ ስምንቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች መጋዘን ገቡ። ጠረጴዛ ላይ የቀረው ስክሪን፣ ኪቦርድና የምሳ ዕቃ የምታክል ሳጥን ብቻ። የሁሉም ሰው ኮምፒውተር አሁን የሚኖረው እኔ ክፍል ባለው አንድ ሰርቨር ውስጥ ነው። ዴስክቶፕ ቨርቹዋላይዜሽን። ዩኒቨርሲቲ በወረቀት ብቻ የተማርነው፤ አሁን ፍኖተ ሰላም፣ ያውም እህል ገዝቶ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ።

ሐሳቡ የእኔ። ሥ/አስኪያጁ ጋሽ ሞገስ አምነውኝ ፈረሙ። የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀው በሳምንቱ ዓርብ። ቋሚ ልሆን ነው።

የሚዛን ቤቷ እት አበባ ብቻ አኩርፈዋል። አሮጌው ጠባዬን ያውቅ ነበር አሉ። ሳቅሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27። 6፡20



ዛሬ መድኃኔዓለም ነው። አስቀድሰን፣ ሁላችንም ተያይዘን፣ ነጠላችንን እንዳጣፋን ቢሮ ገባን። 3፡30። አሥራ ስምንት ሰው ባንዴ ቁጭ አለ። አሥራ ስምንት ሰው ባንዴ ከፈተ።

ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች። ትዞራለች። አንድም የተከፈተ ስክሪን የለም። ወደ ሰርቨሩ ሮጥሁ። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ ቀጥ ብሎ በርቷል። አሥራ ስምንት ኮምፒውተር ከአንድ ዲስክ ይጎትታል። የሰለቸው ሰው ደግሞ አጥፍቶ እንደገና ያበራል። ባሰበት።

ግቢው ከጅጋ በመጣ በቆሎ፣ በጋሪና በፈረስ ተሞልቷል። ክብደቱ ኮምፒውተር ላይ ካልተመዘገበ ደረሰኝ የለም፤ ደረሰኝ ከሌለ እህሉ አይራገፍም። አያ ደመላሽ የሚባሉ ገበሬ መስኮቱ ጋ መጡ። አልተቆጡም። ይሄ ነው የገደለኝ።

«ልጄ፣ ሚዛኑ አይቶታል፣ እኔም አይቼዋለሁ፣ አንቺም ይኸው አየሽው። አሁን ማን ቀርቶ ነው የምንጠብቀው?»

ሰልፈኛው ሳቀ። እት አበባ ከመሳቢያ ካርቦን ወረቀት አውጥተው በእጃቸው መጻፍ ጀመሩ። ወደ እኔ አላዩም። ስክሪኖቹ ሁሉ ተከፍተው ያለቁት 5፡00 ላይ ነው።

ያው ቀን፣ 10፡30

ገባኝ። ስሞክረው ሦስት ሰው ነበርን። ዓርብም፣ ቅዳሜም፣ ሰኞም ሰው የሚገባው እየተንጠባጠበ ነው፤ አንዱ 2፡20፣ አንዱ 2፡45። ሰርቨሩ በየተራ ያስተናግዳል። ሁላችንም ባንዴ የምንገባው ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ብቻ ነው። ይህን ደግሞ መጽሐፍ ሊነግረኝ አይችልም። እኔ ነበርሁ ማወቅ ያለብኝ። ጠዋት አብሬያቸው እየሳቅሁ መጣሁ እኮ።

ረቡዕ፣ ጥር 28። 7፡00

ሁለተኛው ዱላ።

ፈጣን ዲስክ ስንት ነው ብዬ ሰርቨሩን ለሸጠልን የአ.አ. ድርጅት ደወልሁ። ዋጋውን ስሰማ ወንበር ፈለግሁ። ሰውዬው በትሕትና ቀጠለ፤ ላይሰንሱን፣ የሶፍትዌሩን የመጠቀሚያ ፈቃድ ማለቱ ነው፣ መቼ ነው የምታድሱት አለኝ። የምን ማደስ? በየዓመቱ፣ በተጠቃሚ ቁጥር፣ በዶላር ስሌት።

ውሉን አወጣሁ። ገጽ ሦስት። ተጽፏል። አንብቤዋለሁ፤ በቢጫ ቀለም ሁሉ አስምሬበታለሁ። ከዚያ ረስቼው ለጋሽ ሞገስ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ አድርጌ አቀረብሁት። አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት ይረክሳል ያልሁት በሁለተኛው ዓመት ይገለበጣል።

እስካሁን ማንም አላወቀም። እስከ ተነገ ወዲያ ዝም ብል ይፈረምልኛል። ምሳ አላሰኘኝም።

ሐሙስ፣ ጥር 29። 9፡00

ነገርኋቸው። የዲስኩንም የላይሰንሱንም። ቆሜ።

ጋሽ ሞገስ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓመታዊውን ክፍያ እንድደግመው አደረጉ። ደገምሁ። ከዚያ አገሬን ጠየቁኝ። ቡሬ አልሁ።

«ቡሬ ቅዳሴ የለም እንዴ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሳቃቸው መጥቶ መለሱት መሰለኝ። ውሳኔያቸው አጭር ነው። የሚዛን ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ዛሬውኑ ይመለስ። ዲስክ አይገዛም። የእኔ የቋሚነት ወረቀት ነገ አይፈረምም፤ የካቲት 27 መድኃኔዓለም ሲመጣ እንተያያለን።

አላባረሩኝም። ሦስት ጊዜ ለራሴ ነገርሁት።

የእት አበባን ኮምፒውተር ከመጋዘን ተሸክሜ አመጣሁ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። እንኳን ደህና መጣህ አሉት። እሱን እንጂ እኔን አይደለም።

11፡15

ሰርቨሩ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የቀሩትን ኮምፒውተሮች በየተራ ራሱ እንዲከፍት አደረግሁ። ይበቃ እንደሆን አላውቅም። ሌሊት መብራት ከጠፋስ? ከእንግዲህ ሦስት ሰው ብቻ ይዤ መሞከር ይቅርብኝ። ቢሮው በር ላይ ወረቀት ለጠፍሁ፤ እስክሪብቶ በሲባጎ አሰርሁበት። እንዲህ ይላል፦

«ስክሪን የዘገየባችሁ ሁሉ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከእነማን ጋር አብራችሁ እንደገባችሁም እዚህ ጻፉልኝ። ስድብም ቢሆን ይጻፍ፤ ሰዓቱ ብቻ አይቅር።»